የመረጃ ቋት ሞተር ምርጫ ለመጠባበቂያ ቅጂ ያለው ፋይዳ

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም መገባደጃ በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ወድቀው እስከ ኅዳር ወር መገባደጃ መቆየታቸው ይታወሳል። በዚያ ወቅት የወሎ ዩኒቨርሲቲንና የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ለዘረፋና ለውድመት ተዳርገዋል። የተዘረፈ ኮምፒውተር በበጀት ይተካል። የታካሚ፣ የተማሪ፣ የግብር ከፋይና የይዞታ መረጃ ግን የሚተካው በሌላ ሥፍራ የተቀመጠ ቅጂ ሲኖር ብቻ ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂ በየዕለቱ እንዳይወሰድ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ የመረጃ ቋቱ የማከማቻ ሞተር ነው። የማከማቻ ሞተር መረጃው በዲስክ ላይ የሚጻፍበትን፣ የሚነበብበትንና የሚቆለፍበትን ሥርዓት የሚወስን የሶፍትዌር ክፍል ነው። በማይኤስኪውኤልና በማሪያዲቢ የመረጃ ቋቶች በብዛት የሚታወቁት ማይአይሳምና ኢኖዲቢ የተባሉት ሞተሮች ናቸው።

ማይአይሳም ቀላልና አነስተኛ ቦታ የሚይዝ ሲሆን፣ የሚቆልፈው ግን ሠንጠረዡን በሙሉ ነው። በመሆኑም እርስ በርሱ የሚጣጣም ቅጂ ለማግኘት ምዝገባው መቆም አለበት። በደሴ ሆጤ አካባቢ የሚገኝን አንድ ጽሕፈት ቤት በምሳሌነት ብንወስድ፣ በሥራ ሰዓት ቅጂ ቢወሰድ ባለጉዳይ ይጉላላል፤ ወደ ሌሊት ቢተላለፍ ደግሞ መብራት ሊቋረጥ ይችላል። ሌት ተቀን ለሚሠራ ሆስፒታልማ ምዝገባ የሚቆምበት ሰዓት የለም። ከዚህም በላይ መብራት በድንገት ሲጠፋ የማይአይሳም ሠንጠረዥ ሊበላሽና ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል።

ኢኖዲቢ በአንጻሩ የሚቆልፈው የሚሻሻለውን ረድፍ ነው። በማይኤስኪውኤልዳምፕ መሣሪያ ሲንግል ትራንዛክሽን የተባለው አማራጭ ሲታዘዝ፣ ቅጂው በተጀመረበት ቅጽበት የነበረውን መረጃ ይዞ ይወጣል፤ ምዝገባውም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስም ሞተሩ ከለውጥ መዝገቡ ተነሥቶ የተጠናቀቁትን ሥራዎች ራሱ ያስተካክላል። ኢኖዲቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ከወጣው ማይኤስኪውኤል 5.5 ጀምሮ መደበኛ ሞተር ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩን ማሻሻል ብቻውን የቆዩ ሠንጠረዦችን ሞተር አይለውጥም። ስለዚህ ባለሙያው እያንዳንዱ ሠንጠረዥ በየትኛው ሞተር እንደሚሠራ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከለውጡ በፊት ሙሉ ቅጂ መውሰድና በቂ የዲስክ ቦታ መኖሩን ማጣራት ተገቢ ነው። 128 ሜጋባይት የሆነውን የኢኖዲቢ መነሻ የማህደረ ትውስታ ድርሻም በሰርቨሩ አቅም ልክ ማሳደግ ፍጥነቱን ያሻሽላል። ሰርቨሩ እየሠራ የኢኖዲቢን ፋይሎች እንዲሁ መገልበጥ ግን የማይታመን ቅጂ ያስገኛል። ቋቱ በጣም ትልቅ ሲሆን ኤክስትራባክአፕን ወይም ማሪያባክአፕን የመሰሉ ለዚሁ የተዘጋጁ መሣሪያዎችን መጠቀም ይገባል።

የሞተር ምርጫ ቅጂ መውሰድን ያቀላል እንጂ ቅጂው የሚቀመጥበትን ሥፍራ አይወስንም። ሁለቱ ከተሞች በቀናት ልዩነት ውስጥ አብረው በመያዛቸው፣ የደሴን ቅጂ በኮምቦልቻ ማስቀመጥ በዚያን ጊዜ ዋስትና ሊሆን ባልቻለ ነበር። በመሆኑም ቢያንስ አንድ የተመሰጠረ ቅጂ ከአካባቢው ርቆ መቀመጥ አለበት። ኃላፊዎችም «ቅጂ ተወስዷል» የሚል ሪፖርት ብቻ ከመቀበል ይልቅ፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ መሥራቱን በየጊዜው ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።