«ያዝልኝ» ያለህ ጓደኛ እስር ቤት አብሮህ ይገባል?

ዛሬ የምናወራው ስለ ፍቅር አይደለም። «ያዝልኝ» ስለምትባል አንዲት ትንሽ ቃል ነው።

ልጁ የ20 ዓመት ወጣት ነው። ቤተሰቦቹ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ገጠር ገበሬዎች ናቸው። እሱ አዲስ አበባ ይማር ነበርና ለዕረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ ተሳፈረ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘው ጓደኛው በፌስታል የተጠቀለለች ነገር ሰጠውና «ማርቆስ ስትደርስ አንድ ልጅ ይቀበልሃል፤ እስከዚያ ያዝልኝ» አለው። ምንድነው ብሎ አልጠየቀም። ጓደኛ አይደል!

አውቶቡሱ አባይ በረሃን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ደጀን ሲደርስ ፍተሻ ሆነ። ፌስታሏ ስትፈታ ውስጧ ካናቢስ ተገኘ፤ ሰፈር ውስጥ «ጋንጃ» የምንለው ማለት ነው። «የኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው» አለ። ለጓደኛው ተደወለ። ስልኩ ዝግ ነው።

እናቱን ሳገኛቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ እሱ እኮ ሲጋራ እንኳ አያውቅም!» አሉኝ። «አይዞዎት እማማ» ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወጣት «የሚታሰረው ነጋዴው ነው፤ ትንሽ የያዘ ተመክሮ ይለቀቃል» ብሎ ያስባል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን እንዲህ አይልም። አንቀጽ 525ን አንብቡት። ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ያመረተ፣ ያጓጓዘ፣ የተቀበለ፣ ያከማቸ፣ ለሽያጭ ያቀረበ፣ ለሌላ ሰው ያቀበለ ሁሉ የተጠራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ። ጽኑ እሥራት ደግሞ ጣሪያው 25 ዓመት ነው።

አያችሁ? አንቀጹ «ከዚህ ግራም በታች ይማራል» አይልም። «በነፃ ነው የሰጠሁት» ማለትም አያድንም። ራሱ መጠቀሙም ወንጀል ነው። «ልጅ ነኝ» የሚል ካለ፣ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ 18 ካልሞላው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ያው ነው።

«ውጭ አገር ተፈቅዷል እኮ!»

እውነት ነው፣ ካናዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ፈቅዳለች። ጀርመን በ2024 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ እስከ 25 ግራም መያዝን ፈቅዳለች። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በ2018 እ.ኤ.አ. አዋቂ ሰው በግሉ ቢጠቀም ወንጀል አይሆንም ብሏል፤ መሸጡን ግን አልፈቀደም። ታዲያ የበርሊን ሕግ ደጀን ኬላ ላይ ምን ይሠራልሃል?

«ሻሸመኔ ራስታዎቹ ያጨሱ የለ?» የሚልም አይጠፋም። ወዳጄ፣ ንጉሡ የሰጧቸው መሬት ነው እንጂ የማጨስ ፈቃድ አይደለም። ሕጉ ለሻሸመኔም ለማርቆስም አንድ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። «ፍታው፣ ልየው» በሉ። የሚቀየም ጓደኛ ካለ ይቀየም! የተቀየመ ጓደኛ በሽማግሌ ይታረቃል።

ሁለተኛ፣ ክፉ ቀን መጥቶ ከተያዛችሁ አትሩጡ፣ አትዋሹ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዝም የማለት መብት ይሰጣችኋል። የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ቤተሰብና ጠበቃ እንዲያያችሁ ጠይቁ። ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ።

ሦስተኛ፣ ሱስ የያዘው ጓደኛ ካላችሁ አትደብቁለት፣ አትላኩለትም። ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የዚያ ልጅ ነገርስ? ዐቃቤ ሕግ የያዘውን አውቆ እንደያዘ ማስረዳት አልቻለምና በመጨረሻ ነፃ ወጣ። ግን ይህ እስኪጣራ ዓመት አለፈ። ትምህርቱ ተቋረጠ። አባትየው ለጠበቃ ብለው ሁለት የእርሻ በሬዎቻቸውን ሸጡ፤ በዚያ ክረምት ማሳቸው በሰው በሬ ታረሰ። ጓደኛ ተብዬው እስከ ዛሬ አልደወለም።

የጎጃም ሰው ጤፍ ያውቃልና ተረቱ አይጠፋውም፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! «ያዝልኝ» ሲሏችሁ ይቺን ተረት አስታውሱ።

ቸር እንሰንብት!