ስለ ሮቦት ውድድርና ዳኞች ለተማሪዎች ስለሚሰጡት ምክር



«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለንጉሥ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የእጁን ሥራ በዳኛ ፊት ለሚያቀርብ ልጅም ይሆናል። በዘመናችን በብዙ አገር ተማሪዎች ሮቦት ሠርተው ይወዳደራሉ። ሮቦት ማለት አስቀድሞ በኮምፒዩተር በተጻፈለት ትእዛዝ በገዛ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሥራ የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ከዚህ ውድድር ለልጆቹ ከሚተርፈው ነገር ሁሉ ዋናው ዳኞች የሚሰጡት የምክር ቃል መሆኑን በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው፣ ወጣቶች ሳይንስንና የመሣሪያ ሥራን እንዲወዱ አስቦ «ፈርስት» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 ዓ.ም. በኒው ሃምፕሸር ግዛት በአንድ ተማሪ ቤት አዳራሽ ተደረገ፤ የመጡትም 28 ቡድኖች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ ሌጎ ከተባለው የዴንማርክ መጫወቻ ሠሪ ኩባንያ ጋራ ተባብሮ ለታናናሾቹ ልጆች «ፈርስት ሌጎ ሊግ» የተባለውን ውድድር መሠረተ።

በዚህ ውድድር ለብዙ ዓመታት በቆየው ሥርዓት ሮቦቱ በጠረጴዛ ላይ በ2 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ እየፈጸመ ነጥብ ያገኛል። ከዚህም ሌላ ልጆቹ ወደ ዳኞች ክፍል ገብተው ሮቦቱን እንዴት እንዳሰቡት፣ እንዴት እንደ ሠሩትና እንዴት እንዳሻሻሉት ራሳቸው ያስረዳሉ፤ አሠልጣኛቸው በእነርሱ ፈንታ መልስ አይሰጥም። ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራበት ሥርዓት ዳኞቹ ሥራውን ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይመዝናሉ። ከዚያም በወረቀቱ ላይ መልካም ሆኖ ያገኙትንና ቡድኑ ሊያስብበት የሚገባውን ይጽፉለታል።

ነጥብ ቡድኑ የት እንደ ደረሰ ይናገራል፤ ለምን ከዚያ እንዳላለፈ ግን አይናገርም። ለምሳሌ የአንድ ቡድን ሮቦት አንዳንድ ጊዜ ሥራውን ይፈጽማል፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ጐን ይስታል እንበል። ዳኛው «በርቱ» ብሎ ቢጽፍ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል እንጂ የሚያርሙትን አያገኙም። «ክንዱን ከቀላል ነገር መሥራታችሁ መልካም ነው፤ ከዐሥር ሙከራ ስንቱ እንደሚሳካ ብትመዘግቡ የጥፋቱን ምክንያት ታገኙታላችሁ» ብሎ ቢጽፍ ግን ልጆቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ይቈጥራሉ። ሲቈጥሩም ሮቦቱ የሚስተው ሲነሣ ጠማማ ሆኖ የተቀመጠ ጊዜ መሆኑን ያስተውላሉ። ከዚያ በኋላ ሮቦቱን የሚያስተካክል መደገፊያ ሠርተው እንደ ገና ዐሥር ጊዜ ይሞክራሉ። በአንድ መስመር ጽሑፍ መመርመርን ተማሩ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዳኛም ሰው ነውና ይሳሳታል። ልጆቹ ብዙ ሳምንት የደከሙበትን ሥራ እርሱ የሚያየው በግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ቡድኑ የተጻፈለትን ሁሉ እንደ ሕግ ሊቀበለው አይገባም፤ ተቈጥቶም ወረቀቱን ሊጥለው አይገባም። ንዴቱ እስኪበርድ ቆይቶ አንዱ ጮኾ ያንብብ፣ ሌሎቹ ያድምጡ። ከምክሩ መካከል በሙከራ ሊረጋገጥ የሚችለውን መርጠው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደ ጠቀመ አይታወቅምና። ዳኛው ሥራቸውን ሳይረዳው ቀርቶ እንደ ሆነም፣ አስረድተን ነበርን ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ።

አስተማሪ ሆይ፤ ተማሪ ቤትህ ሮቦት ባይኖረው ይህ ነገር አይመለከተኝም አትበል። በደብተር ላይ «ከ10 አራት» ተብሎ ቀይ ምልክት ብቻ የተደረገለት ልጅ ማፈርን ይማራል፤ «ማባዛቱን አውቀኸዋል፤ መደመሩ ላይ የያዝኸውን ቍጥር ረስተሃል» የተባለው ግን ስሕተቱን ያርማል። እናንተም ሽማግሎች ልጆች የተከሉትን አትክልት እየዞራችሁ እዩላቸው። ችግኙን ለምን በዚህ ያህል ርቀት ተከላችሁት፣ ውሃውንስ መቼ ታጠጡታላችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም እስከ መጨረሻው ስሟቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ያማረውን ነገር ንገሯቸው፤ አንድ የሚታረመውንም አሳዩአቸው። በሚመጣው ወር ተመልሳችሁ ታርሞ እንደ ሆነ ብታዩላቸው ምክራችሁ ፍሬ ያፈራል።