ያውቁ ኖሯል? ባለፋብሪካ ፖለቲካ ሲገባ

በእስራኤሏ ኪሪያት ጋት ከተማ ፋብሪካ ሲባል ዛሬ ቀድሞ የሚታሰበው ኢንቴል ነው፤ ከእሱ በፊት ግን እስራኤል ፖላክ ያቋቋመው የፖልጋት ጨርቃ ጨርቅ የብዙ ቤት እንጀራ ነበር። ፖላክ ከኢንዱስትሪው ሳይወጣ ኖረ። የብረት መቁረጫ መሣሪያ አምራቹ የኢስካር መሥራች ስቴፍ ቨርትሃይመር ግን እ.ኤ.አ. በ1977 በዳሽ ፓርቲ በኩል ወደ እስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ ገባ። የመንግሥትን አሠራር አድሳለሁ ያለው ዳሽ 15 ወንበር ቢያሸንፍም በማግስቱ ዓመት ተሰነጠቀ፤ ቨርትሃይመርም በ1981 ክኔሴትን ለቆ በገሊላ የቴፌንን የኢንዱስትሪ መንደር ወደ መገንባት ዞረ።

ታዲያ ባለፋብሪካ ለፖለቲካ አይሆንም ማለት ነው? የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ሰው ጆሴፍ ቻምበርሌን አይደለም ያሰኛል። የእንጨት ብሎን የሚያመርት ድርጅት ሸሪክ የነበረው ይህ ሰው በ1873 ከንቲባ ሆኖ በሦስት ዓመት ውስጥ የጋዝና የውኃ ኩባንያዎቹን ለከተማው አስገዛ፤ ጋዙ ያትርፍ፣ ውኃው ግን የጤና ጉዳይ ነውና ትርፍ አይፈለግበት ባይ ነበር። ዘመኑ የተለየ ነበር የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። እኔ ግን ልዩነቱን ከዘመኑ ይልቅ በወንበሩ አየዋለሁ፦ ከንቲባው ቧንቧውና በጀቱ በእጁ ነው፤ የክኔሴት አባል ግን ከ120 ድምፆች አንዱ ነው።