የብሳና ፈተና

የብሳና ለጋ ቅጠል ለጭርት እንደሚታሽ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ወባ በሚበዛበት ቆላ ደግሞ ብሳና ይጠጣል፤ ቅጠሉ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ተጠልሎ ለታማሚው ይሰጣል። የጠጣውም ብዙ ጊዜ ላብ በላብ ሆኖ ይነሣል።

ተመራማሪን የሚያስቸግረው ይህ መነሣት ነው። ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ጥገኛ ተውሳክ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ቀይ የደም ሴሎችን እያፈነዳ ይወጣል። ያኔ ታማሚውን ያንዘፈዝፈዋል፣ ያነደዋል፣ ከዚያ ያልበውና ይበርዳል፤ በማግስቱ ደህና ሰው ይመስላል። በመካከል ብሳና ከጠጣ ምስጋናው ለብሳና ነው። ስለዚህ ተመራማሪው የሚያምነው የታማሚውን ቃል ሳይሆን ደምን ነው፤ እሱንም መጀመሪያ የነጭ አይጥ ደም።

አይጦቹ ፕላዝሞዲየም በርጌ የሚባል፣ ሰውን የማያሳምም የአይጥ ወባ በመርፌ ይሰጣቸዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከፊሎቹ የቅጠሉን ንጥር፣ ከፊሎቹ ክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት፣ የቀሩት ንጥሩ የተሟሟበትን ባዶ ፈሳሽ ብቻ ይጠጣሉ፤ እንዲህ እየተደረገ 4 ቀን ይቆያል። በ5ኛው ቀን ከጅራታቸው ጠብታ ደም ተወስዶ፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ባዶውን በጠጡት ላይ ከ100 ቀይ ሴል 40ው ተውሳክ ቢገኝበት፣ ቅጠሉን በጠጡት ላይ ደግሞ 20ው ቢሆን፣ ቅጠሉ ተውሳኩን በግማሽ ገታ ይባላል። ብሳና በአገራችን በዚህ መንገድ ተፈትኗል፤ ተውሳኩን ቀንሷል፣ እንደ ክሎሮኪን ጠርጎ ግን አላወጣም።

እኔን የሚከነክነኝ ከአይጧ በፊት ያለው ሥራ ነው። ላቦራቶሪ የሚገባው ቅጠል ብዙ ጊዜ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለቀናት የተዘፈዘፈ ነው። ሜታኖሉ በኋላ ተንኖ ይወገዳል፤ ከቅጠሉ ስቦ ያወጣው ግን ውኃ ከሚያወጣው ይለያል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳዩት ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ናቸው። ቺንግሃው የተባለው ቅጠል በአይጥ ሲፈተን ውጤቱ አንድ ጊዜ ጥሩ፣ ሌላ ጊዜ ከንቱ እየሆነ አስቸግሯቸው ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ የጻፈውን የሕክምና መጽሐፍ ደግመው ሲያገላብጡ፣ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ ይጨመቃል እንጂ ይፈላል አይልም። ሙቀቱ ይሆን መድኃኒቱን የገደለው? በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኢተር አወጡት። በጥቅምት 1971 (እ.ኤ.አ.) ያ ንጥር የአይጦቹን ደም ሙሉ በሙሉ አጸዳ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ለታማሚ ከመስጠታቸው በፊት፣ ራሳቸው ዋጡት። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚታደለው የወባ መድኃኒት ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የተሠራው ከዚያ ቅጠል ከተገኘው አርቴሚሲኒን ነው፤ እሳቸውም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸለሙ። የእኛው ጭቁኝ ለዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው፤ አርቴሚሲኒን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ዝምድናውን ሰምቶ ጭቁኝ ለሚያፈላ ይድረስ።

እኔ ላቦራቶሪው ቢኖረኝ አንድ የአይጥ ምድብ እጨምር ነበር፤ ብሳናውን መድኃኒት የሚያውቁ እናት እንደሚያዘጋጁት እርጥቡን ወቅጬ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ፣ በዚያው ቀን የማጠጣው።