የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀትና የኮሌጅ ምርጫ

ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ያያል፤ የሻጩን ጠባይ ይጠይቃል፤ ሰነዱንም ይመረምራል። ልጁን ወደ ኮሌጅ በሚልክበት ጊዜ ግን፣ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ፣ የሚያልፈውም ዘመን የማይመለስ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ጥንቃቄ የሚዘነጋው ሰው ጥቂት አይደለም። ዛሬ ስለ አንድ ኮሌጅ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ በኢንተርኔት የሚነበበው መዝገበ ዕውቀት፣ ይኸውም ውክፔዲያ ነው። ስለዚህ የመዝገቡን ጥቅምና ወሰን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውክፔዲያ የተመሠረተው በጥር ወር 2001 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፎቹን የሚያዘጋጁት በፈቃዳቸው የሚደክሙ ሰዎች ሲሆኑ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው፣ ሊጨምርበትና ሊያርመው ይችላል። ኮሌጁ የተቋቋመበትን ዘመን፣ የሚገኝበትን ከተማ፣ የሚያስተምረውን የትምህርት ዓይነትና የቀድሞ ስሙን በአንድ ገጽ ሰብስቦ ማቅረቡ ለጠያቂው ብዙ ድካም ያቀልለታል።

ነገር ግን ማንም የሚያርመው መዝገብ ከሆነ፣ ከአራሚዎቹ አንዱ የሻጩ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በሕንድ አገር የደረሰው ነገር ነው። የሕንድ የፕላንና የማኔጅመንት ኢንስቲትዩት የተባለው የግል ተቋም በጋዜጣ በሚያወጣቸው ታላላቅ ማስታወቂያዎች የታወቀ ነበር፤ ዲግሪ ለመስጠት የሚያበቃ የመንግሥት ዕውቅና ግን አልነበረውም። በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቋሙ ኤም ቢ ኤ እና ቢ ቢ ኤ በሚሉት ስሞች እንዳይጠቀም ከለከለ። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የውክፔዲያ የግልግል ጉባኤ በብዕር ስም ይሠራ የነበረን አንድ አስተዳዳሪ ከሥልጣኑ ሽሮ አገደው፤ ይህ ሰው የተቋሙ ገጽ ለተቋሙ እንዲያደላ ለዓመታት ሲያርም መኖሩ ተደርሶበት ነበርና። በእነዚያ ዓመታት ገጹን አምኖ የተመዘገበ ተማሪ የከፈለው ገንዘብና ያጠፋው ዘመን በገጹ መታረም አይመለስለትም።

ውክፔዲያ ራሱም ጽሑፎቹ እንደ መጨረሻ ማስረጃ እንዳይቆጠሩ ያሳስባል። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ በገጹ ግርጌ የተጠቀሱትን ምንጮች ይመለከታል፤ ምንጩ የኮሌጁ የራሱ ጽሑፍ ከሆነ፣ እንደ ማስታወቂያ ይቆጥረዋል። ገጹ መቼና በማን እንደ ተለወጠ የሚያሳየውንም የለውጥ መዝገብ ይመረምራል። የትምህርት ክፍያና ዕውቅና በየጊዜው የሚለወጡ በመሆናቸው፣ ትናንት እውነት የነበረው ዛሬ ላይሆን እንደሚችልም ያስታውሳል።

የመጨረሻው ቃል ግን የሚገኘው ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት ነው። በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል፤ ለአንድ ኮሌጅ በአንድ የትምህርት ዓይነት ወይም በአንድ ቅርንጫፍ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው እንደማያገለግልም ልብ ማለት ያሻል። ልጁን ወደ ሕንድ የሚልክ ወላጅ የዚያን አገር የዩኒቨርሲቲዎች የእርዳታ ኮሚሽን ይጠይቅ፤ ኮሚሽኑ ሐሰተኛ የሆኑትን ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዘርዝሮ ያወጣልና። በአሜሪካም የትምህርት ሚኒስቴሩ ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል።

እንግዲህ መዝገበ ዕውቀቱ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራል፤ የባለሥልጣኑ መዝገብ ደግሞ መልሱን ይሰጣል። ናሙና አይቶ ጭነቱን ሳይመረምር ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ እንደሌለ ሁሉ፣ ገጹን ብቻ አንብቦ የልጁን ዕድል የሚወስን ወላጅም ሊኖር አይገባም።