የዲዝኒላንድ የሌሊት ሠራተኞች

በሰፈራችን አንዲት ትንሽ የልጆች መጫወቻ ሜዳ አለች። በሜዳይቱም መካከል አንድ የብረት ዥዋዥዌ ቆሞ ነበር። ዥዋዥዌው በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቢጫና ቀይ ቀለም ይቀባ ስለ ነበር መንገደኛው ሁሉ ሲያየው ደስ ይለው ነበር። ዳሩ ግን ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበትን ቀለበት ዘይት ያቀመሰው፣ መበላት አለመበላቱንም ወጥቶ ያየ ሰው አልነበረም። ባለፈው ክረምት ቀለበቱ ተበጥሶ ታናሽ እኅቴ ወደቀች፤ እጇም ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን እርሷ ድናለች፤ ዥዋዥዌው ግን እስከ ዛሬ እንደ ተሰበረ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በትልልቆቹ የመጫወቻ መናፈሻዎች ብዙ ሕዝብ በየቀኑ የሚሳፈርበትን ነገር እንዴት አድርገው በደኅና እንደሚያኖሩት ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትንም ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ እገልጻለሁ።

ለምሳሌ የመረጥሁት በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ አናሃይም በምትባል ከተማ የሚገኘውን ዲዝኒላንድን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሚስተር ዋልት ዲዝኒ የተባሉት የታወቁ የሥዕል ፊልም አዘጋጅ ቀድሞ የብርቱካን እርሻ የነበረ 160 ኤከር፣ ማለት 65 ሄክታር ያህል መሬት ገዝተው፣ ሥራውን በ1954 ሐምሌ ወር አስጀመሩ። አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ 17 ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ፣ መናፈሻው ሐምሌ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። ይህ መናፈሻ ከተራ መጫወቻ ቦታ የሚለይበት ምክንያት፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ክፍል አንድ ታሪክ እንዲናገር ሆኖ በመሠራቱ ነው።

የጥድፊያ ሥራ ግን ዋጋ ማስከፈሉ አልቀረም። ለመርከብ መሄጃ የተቆፈረው ወንዝ መጀመሪያ ውኃ ሲሞላ አሸዋማው አፈር ውኃውን መጠጠው፤ ስለዚህ ወለሉን በሸክላ አፈር ማልበስ አስፈለገ። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው ጊዜ አጥሮ ከመጠጫ ውኃና ከመጸዳጃ ቤት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ፤ ሚስተር ዲዝኒም መጸዳጃ ቤቱን መረጡ። በመክፈቻው ቀን ሙቀቱ ስለ በረታ አዲሱ አስፋልት ለስልሶ የሴቶቹን የጫማ ተረከዝ ይውጥ ነበር። ያን ቀን ሁሉም ሰው የተማረው ነገር ቢኖር፣ እንግዳ የሚያየው ውበት የማያየው ቧንቧ ካልተሠራ እንደማይቆም ነው።

እንግዲህ አንድ አዲስ ጨዋታ እንዴት ይሠራል? አስቀድሞ ሠዓሊዎች አሳቡን በሥዕል ያወጡታል። ከዚያም ቀራፆች በትንሹ አምሳሉን ይሠሩታል፤ መሐንዲሶችም ዐይናቸውን ወደ አምሳሉ ዝቅ አድርገው ተሳፋሪው የሚያየውን ያያሉ። በ1967 የተከፈተው የካሪብያን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ ሲዘጋጅ፣ ከትዕይንቶቹ አንዱ በመጋዘን ውስጥ በሙሉ መጠኑ ከተተከለ በኋላ፣ ሚስተር ዲዝኒን መንኰራኵር ባለው ወንበር ላይ አስቀምጠው በጀልባው ፍጥነት ልክ እየገፉ አሳዩአቸው። ሥራው ሰፊ ስለ ሆነ በመናፈሻው ክልል ውስጥ አልበቃ አለ፤ ስለዚህ ጀልባዎቹ በባቡሩ ሐዲድ ሥር ቁልቁል ሾልከው ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ትልቅ ሕንፃ እንዲገቡ ተደረገ። ተሳፋሪው ቁልቁለቱን ለጨዋታ ያህል ይመስለዋል፤ ምሥጢሩ ግን የቦታ ጥበት ነው። ሚስተር ዲዝኒ ይህን ሥራ ተከፍቶ ሳያዩት በታኅሣሥ 1966 ዐረፉ።

ዐይንን የማታለል ጥበብም አለ። በመናፈሻው ያለው ግንብ ቁመቱ 23 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ወደ ላይ በሄዱ ቍጥር እያነሱ ስለሚሄዱ ከሩቅ ሲታይ እጅግ ረጅም ይመስላል። በ1969 በተከፈተው የመናፍስት ቤት ውስጥ ደግሞ ሰውነታቸው የሚያሳልፍ ሙታን ሲጨፍሩ ይታያሉ። ይህም ጆን ሄንሪ ፔፐር በ1862 በለንደን ለሕዝብ ያሳየው ጥበብ ነው። ማታ በአውቶቡስ ስንሄድ በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ የራሳችን መልክ ከውጭው ጨለማ ጋር ተደርቦ እናየው የለምን? እዚያም በተሳፋሪውና በአዳራሹ መካከል ትልቅ መስተዋት ቆሟል። አሻንጉሊቶቹ ተሳፋሪው ሊያያቸው በማይችልበት ስፍራ ይዞራሉ፤ መብራት ሲበራባቸው ነጸብራቃቸው በአዳራሹ ውስጥ ያለ መስሎ ይታያል።

የሚናገሩትና የሚንቀሳቀሱት አሻንጉሊቶች በ1963 በተከፈተው የወፎች አዳራሽ ጀመሩ። በማግኔት ክር ላይ የተቀዳው ድምፅ የአየር መዝጊያዎችን እየከፈተና እየዘጋ የወፎቹን አፍ ያንቀሳቅስ ነበር። በ1964 ለኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሠራው የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ግን የሰው አካል ክብደት ስላለው በዘይት ግፊት ተንቀሳቀሰ፤ ከወንበሩም ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ዛሬ የክሩን ሥራ ኮምፒዩተር ይሠራዋል። ሆኖም ኮምፒዩተር የተሰነጠቀ የጎማ ቆዳ አይለውጥም፤ የሚያፈስም የዘይት ቱቦ አያጠብቅም። ይህ አሁንም የሰው እጅ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሠጋው በሐዲድ የሚበረው ጨዋታ ነው። በ1959 የተከፈተው የማተርሆርን ተራራ በስዊዘርላንድ ያለው ተራራ አንድ መቶኛ፣ ማለት 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐዲዶች በብዛት ከእንጨት ይሠሩ ነበር፤ በዚህ ተራራ ላይ ግን በየአቅጣጫው ለማጠፍ የሚመች የብረት ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ጋሪ በላይ እንዲገባ አይፈቀድም። የፊተኛው ካልወጣ የኋለኛው በፍሬን ይያዛል። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ጨዋታዎች ፍሬኑ የሚለቀው በኃይል ነው፤ ስለዚህ ኃይሉ በድንገት ቢጠፋ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንሂድ። የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ ሌላ ሠራዊት ይገባል። አንዱ መንገዱን ያጥባል፤ አንዱ የተላጠውን ቀለም ይቀባል፤ አትክልተኛው አበባ ይተክላል። መካኒኮቹም የእጅ ባትሪ ይዘው ሐዲዱን በእግራቸው እየተከተሉ ብሎኑን፣ ኩሽኔታውንና ጎማውን ይመረምራሉ። በዐይን የማይታይ ስንጥቅ እንዳይኖር የሚመረመረውን ብረት ማግኔት አድርገው ደቃቅ የብረት ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ ዱቄቱም በስንጥቁ ላይ ተሰብስቦ መስመር ይሠራል። ማለዳም ሰው ከመሳፈሩ በፊት ባዶ ጋሪዎች ይለቀቃሉ። የእኅቴን ዥዋዥዌ ቀለበት በዚህ ዱቄት የፈተነው ሰው ቢኖር ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከጥገናውም ሌላ ማደስ አለ። ሚስተር ዲዝኒ መናፈሻቸው ከቶ ተሠርቶ እንደማያልቅ ይናገሩ ነበር። ከ1974 እስከ 1988 በአንድ ቴያትር ሲዘፍኑ ከነበሩት የአራዊት አሻንጉሊቶች ብዙዎቹ አልተጣሉም፤ በ1989 ወደ ተከፈተው የፏፏቴ ጨዋታ ተዛውረው እስከ 2023 አገለገሉ። ያም ጨዋታ ተዘግቶ፣ ቦዩና ኮረብታው እንዳሉ ሆነው፣ በ2024 ስለ ልዕልት ቲያና በሚናገር አዲስ ታሪክ ተከፈተ። የሚታደሰው ብረት ብቻም አይደለም። የባሕር ወንበዴዎቹ ጨዋታ ሴቶች በጨረታ ሲሸጡ ያሳይ ነበር፤ ይህ ለሣቅ የማይገባ ነው ተብሎ በ2018 ተለወጠ፤ ለሽያጭ ቀርባ የነበረችውም ቀይ ለባሽ ሴት ራሷ የባሕር ወንበዴ ሆነች።

ውድ አንባብያን ሆይ! ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ቀለም ይታያል፤ ይመሰገናልም። ዘይት አይታይም፤ ልጅን ከመውደቅ የሚያድነው ግን እርሱ ነው። እኛም ከትምህርት ቤት ስንወጣ ብዙዎቻችን የሚታየውን ሥራ እንመኛለን፤ መፍቻ ይዞ በሌሊት የሚዞረውን ሰው ግን ዝቅ አድርገን እናያለን። ሚሊዮን ዶላር ያለው መናፈሻ እንኳ ያለዚህ ሰው አንድ ቀን ሊከፈት አይችልም። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እኔና አራት ጓደኞቼ የሰፈራችንን ዥዋዥዌ ለመጠገን ተስማምተናል። የእጅ ሥራ መምህራችን አዲስ ቀለበት እንድንመርጥ ሊረዱን፣ አንድ ጣሳ ግሪስም ሊሰጡን ቃል ገብተውልናል። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜም በተራ እየወጣን ልናየው ወስነናል። ቀለሙን በመጨረሻ እንቀባዋለን።