መደቅ ማዕረግ የሚያገኝበት ሰንጠረዥ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የተዘረጋው እንጦጦ፣ ዛሬ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው፣ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የምኒልክ መናገሻ ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት ሰዎች ዘንድ ከሚወደዱት ጨዋታዎች አንዱ የአገራችን ቼዝ የሆነው ሰንጠረዥ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ዛሬ በከተማችን ቼዝ የሚችል ወጣት ሞልቷል። ሰንጠረዥን በገዛ ሕጉ የሚያውቅ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ጨዋታው በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ቬኒሳዊው ሠዓሊ ቢቺኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር መጫወቱን ተናግሯል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ በሰፊው ጽፈውበታል። መጫወቻው ባለ 64 ቤት ነው፤ ቤቶቹ ግን እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቁም። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ይሰፋበትና ያ ይበቃል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ፣ ወረራው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ይነሣሉ። አንዱ መደቅ፣ በቼዝ ወታደር የሚባለውን፣ ሲገፋ ሌላው ፈረስ ያወጣል፤ ያኛው ፈረሱን አይቶ ደሩን (ሩኩን) ሲያዞር ይኼኛው ሐሳቡን ለውጦ ያወጣውን ይመልሳል። እጅ በራስ ሜዳ ይሠራል፣ ዓይን ግን ከባላጋራ ላይ አይነሣም። አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። በእኔ እምነት የጨዋታው ትልቁ ውሳኔ ይህ የመጀመሪያ መብላት ነው። ባላጋራ ሰልፉን አሳምሮ ሳለ ቸኩሎ አንድ መደቅ የበላ ሰው ወረራውን በገዛ እጁ ዘግቶ የራሱን ሰልፍ ሳያሰናዳ ይቀራል።

የጠጠሮቹ አቅም ከቼዝ ያነሰ ነው። ፈርዝ በንግሥቷ ቦታ ቢቆምም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ላይ ጠጠር ቢኖርም አያግደውም። ፈረስና ደር በቼዝ እንደምናውቃቸው ናቸው። መደቅ አንድ አንድ ቤት እየገፋ፣ ከጥንቱ የፋርስና የዓረብ አጨዋወት በተወረሰው ሕግ መሠረት፣ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል።

ማዕረግን በሥራ የማግኘት ሕግ በዛሬው ዓለም በሌላ መልክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከታተመ ወዲህ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተጀመረው ፓዝፋይንደር ሶሳይቲ ባሉ የተደራጁ ዘመቻዎች ተጫዋቹ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ይዞ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው፣ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል። ስለዚህ ለገጸ ባሕርዩ የሚደረጉ አንዳንድ ምርጫዎች ለሁሉ ክፍት አይደሉም፤ መብቱ ባለፈው ጨዋታ መገኘቱን የሚመሰክር፣ ያንን ጨዋታ የመራው ሰው የሞላው ወረቀት ያስፈልጋል። የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ጥርጣሬ አብረው እንዲጫወቱ ይህ ግድ ነው። በሰንጠረዥ ምስክሩ ዙሪያውን የከበበው ሰው ነው። እሱም ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል።

ማት ማድረግም፣ ማለትም ንጉሥን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ፣ ደረጃ አለው። በደር ወይም በፈረስ ማት ያደረገ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ ብዙ አይወደስም። በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ይከበራል። በመደቅ ያደረገ ከሁሉ ይበልጣል። በደካማው ጠጠር መጨረስን ማክበር፣ ለእኔ፣ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ውበት ነው።

ቼዝ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል። ንግሥቷን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል አድርጎ፣ ወታደሩን ከመነሻው አንድ ቤት ብቻ ማስኬድ፣ ንጉሥና ደርን በአንድ ተራ ማዛወርን መተው ነው። ብርቱ ተጫዋች ግን የባላጋራውን ጠጠር ጠራርጎ እንዳይበላ ይጠንቀቅ፤ ከመደቅ ሌላ አንድም ጠጠር ያልቀረለትን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም። አንድ ብቻ ቀርቶት ከሆነ ደግሞ ያ ጠጠር 7 ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ማቱ መፈጸም አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው በአቻ ያበቃል።